ሁለት መቶ ሁለተኛው ዙር

ቅዳሜ ከሰዓት ለታክሲ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ገበያ ትታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በመኪና የኖራችሁ ናችሁ። ታክሲ የነዳችሁ አላችሁ፤ ከባድ መኪና ይዛችሁ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያካለላችሁ አላችሁ፤ እንደ እኔ መጀመሪያ መፍቻ ጨብጣችሁ በኋላ መሪ የያዛችሁም አላችሁ። አዘጋጆቹ «ስለምትወደው አንድ ሰው ተናገር» ሲሉኝ ሳላመነታ ዌንደል ስኮት አልኳቸው። የመኪና ውድድር ነጂ ነበር። የተወለደው ከዚህ በመኪና አራት ሰዓት ከምናምን በሚያስሄድ ከተማ፣ በዚሁ በእኛው ቨርጂንያ ነው። ታክሲ ነድቷል። ጋራዥ ነበረው። እኔ ግን በዚህ ግዛት አሥራ ስምንት ዓመት ስነዳ ስሙን የሰማሁት በስተመጨረሻ ነው፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ታሪኩን ከልደቱ አልጀምርም። ከአንድ ቀን ልጀምር።

ዲሴምበር 1 ቀን 1963፣ እሑድ። የቀኑ አቆጣጠር ዛሬ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ ከተገደሉ ገና ዘጠኝ ቀን ነው። ቦታው ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል የሚባል ከተማ፣ የአፈር መወዳደሪያ ሜዳ ነው። አንዱ ዙር ግማሽ ማይል ይሆናል። ውድድሩ 200 ዙር፣ ማለትም 100 ማይል ነው። 22 መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ስኮት የተነሣው ከ15ኛው ቦታ ነው። ዕድሜው 42 ነው። የያዛት መኪና የ1962 ሼቭሮሌት ስትሆን ከሌላ ተወዳዳሪ፣ ከኔድ ጃሬት፣ የገዛት ያገለገለች መኪና ናት። በሯ ላይ 34 ቁጥር ተጽፏል።

የክረምት ጥርጊያ መንገድ ላይ የነዳችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ አፈር እንደ አስፋልት አይታመንም። ሃያ ምናምን መኪና በሙሉ ጉልበቱ ሲዞርበት ይቦረቦራል፤ ጉድጓድ ያወጣል፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ግራ አጥፎ በጨዋ ደንብ የሚታጠፍ የለም። መኪናዋን አስቀድሞ ይጥላታል፤ የኋላ ጎማዎቿ ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ፤ ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የሚያዞራት መሪው ሳይሆን ነዳጅ መርገጫው ነው። ጥቂት ሲያበዛ ትሽከረከራለች፤ ጥቂት ሲያሳንስ ፊቷን ይዛ ከግድግዳ ትጋጫለች። ይህን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በ200 ዙር አራት መቶ ጊዜ ማድረግ ነው።

25 ዙር ሲቀር ስኮት ሪቻርድ ፔቲን አለፈው። ፔቲ ማለት በኋላ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ 200 ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። በዚያ ቀን መኪናው ታሞበት ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም፣ ውድድር እንዲህ ነው፤ መኪናውን ሳይሰብር የሚያደርስ ያሸንፋል። ስኮት እየመራ 200ኛውን ዙር ጨርሶ መስመሩን አለፈ። የውድድሩን መጨረሻ የሚያበስረው፣ የዳማ ሰሌዳ የሚመስለው ጥቁርና ነጭ ባንዲራ አልወረደለትም። 201ኛውን ዞረ፤ አልወረደም። 202ኛውን ዞረ። ባንዲራው በመጨረሻ ሲውለበለብ አሸናፊ ተብሎ የተጠራው በክ ቤከር የሚባል ነጭ ነጂ ሆነ። ቤከር ዋንጫውን ተቀበለ፤ ከቁንጅና ንግሥቲቱ ጋር ፎቶ ተነሣ፤ ጭብጨባውም ለእሱ ሆነ።

ስኮት ግን ቆጥሯል። «ወረቀቱን እንደገና እዩልኝ» አለ። ዳኞቹ መዝገቡን ሲያገላብጡ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ አሸናፊው ስኮት መሆኑን፣ ያውም ከተከታዩ በሁለት ዙር ቀድሞ መሆኑን አመኑ። የአሸናፊውን ገንዘብ ሰጡት። ያን ጊዜ ግን ሕዝቡ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ፎቶ አንሺው ሄዷል፤ ዋንጫውም ከቤከር ጋር ሄዷል።

የቆጠራ ስህተት ነው ተባለ።

እኔ ይህን ነገር ስመረምር መጀመሪያ ለዳኞቹ ላደላላቸው ሞክሬአለሁ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የለም። ለየመኪናው ቆጣሪ ሰው ይመደባል፤ መኪናው በመስመሩ ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን አይቶ በእርሳስ ይጽፋል። አቧራ አለ፣ ድካም አለ፣ መኪናና መኪና ተጠጋግቶ ያልፋል። ስህተት በነጮቹም ላይ ደርሷል። በ1959 የመጀመሪያው የዴይቶና 500 ማይል ውድድር ሲያልቅ ጆኒ ቦሻምፕ አሸነፈ ተብሎ ነበር፤ ፎቶና ፊልም ተሰብስቦ ሲታይ ከሦስት ቀን በኋላ ያሸነፈው ሊ ፔቲ፣ የሪቻርድ አባት፣ መሆኑ ታወጀ። እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩአቸው። የዴይቶናዎቹ መኪኖች መስመሩን ያለፉት ጎን ለጎን ነው፤ ልዩነታቸው በክንድ የሚለካ ነበር። ዓይን ቢሳሳት አይፈረድበትም። የስኮት ልዩነት ሁለት ዙር ነው። ሁለት ዙር አንድ ሙሉ ማይል ነው። አንድ ማይል የቀደመ ሰው እንዴት ሳይታይ ይቀራል? ስኮት ራሱ በኋላ ሲናገር ነገሩን በሌላ ተርጉሞታል፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ተመልካች ፊት አንድ ጥቁር ሰው በአሸናፊዎች ቦታ ቆሞ ነጯን የቁንጅና ንግሥት እንዲስም አልፈለጉም ነበር። እኔም ማይሉን ከለካሁ በኋላ የእሱን ትርጉም ይዣለሁ።

አሁን ወደ ዳንቪል እንሂድ።

ዳንቪል በቨርጂንያ ደቡብ ጫፍ፣ ከሰሜን ካሮላይና ድንበር አፍንጫ ሥር ያለች የትምባሆና የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1865 የደቡቡ ባሪያ አሳዳሪ መንግሥት ከሪችመንድ ሲሸሽ ለአንድ ሳምንት ያህል የተቀመጠባት፣ የመጨረሻ መናገሻው የምትባል ከተማ ናት። ዌንደል ስኮት የተወለደው እዚያ ነው፤ ኦገስት 29 ቀን 1921። አባቱ ለሁለት ሀብታም ነጭ ቤተሰቦች ሾፌርና መካኒክ ነበር። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረው እሱ ነው። ልጁ በሰፈሩ ብስክሌት የነበረው ብቸኛ ጥቁር ልጅ እሱ ስለነበር የሚሽቀዳደመው ከነጭ ልጆች ጋር ነበር። የዳንቪልን ቁልቁለት በአንድ እግሩ ብቻ ከሥሩ ተሽከርካሪ ያለው ጫማ አድርጎ ይወርደው እንደነበርም ይነገራል።

የዚያች ከተማ ድሃ ልጅ መጨረሻው ፋብሪካ ነው። ስኮት ፋብሪካውን እንደ እስር ቤት ያየው ነበር፤ የሰው አለቃ ሥር መዋልን አልወደደም። ትምህርቱን አቋርጦ ታክሲ መንዳት ጀመረ። በ1943 ሜሪን አገባ። ወዲያው በጦርነቱ ተመልምሎ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚያገለግልበት ሠራዊት ወደ አውሮፓ ሄደ። ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ። ልጆች ተወለዱ፤ ሰባት ደረሱ። ጋራዡ ብቻውን ስላላበቃው ሌሊት ሌሊት አረቄ ማመላለስ ያዘ።

ስለዚህ አረቄ ጥቂት ልናገር፤ ያለ እሱ የዚህ አገር የመኪና ውድድር አይገባንም። በተራሮቹ ውስጥ ገበሬው እንደ እኛ ካቲካላ የቤት አረቄ ያወጣል። መንግሥት ቀረጥ ይፈልጋል፤ ገበሬው መክፈል አይፈልግም። ስለዚህ አረቄው በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ከተማ ይጫናል። ከውጭ ሲያዩአት ተራ የሆነች ፎርድ መኪና ትመረጣለች፤ ሞተሯ ግን ተነካክቷል። ትልቁ ጥበብ ያለው ደግሞ ከኋላ ነው፤ ጭነቱ ሲበዛባት ቂጧ ቁጭ ካለ ፖሊስ ስለሚያውቅባት ባሌስትራዋን ያጠነክሩታል። በ1949 ናስካር የሚባለው ድርጅት ሻርለት ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ የመንገድ መኪኖች ውድድር ሲያደርግ አንደኛ የወጣው መኪና የተሰረዘው በዚሁ በአረቄ ጫኝ ባሌስትራ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዘመን ነጂዎች መንዳት የተማሩት ፖሊስ እያባረራቸው ነው። ስኮትም እንደዚያው። በስንት ሌሊት የያዙት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1949 ነው። ሦስት ዓመት በገደብ ተፈረደበት፤ ሥራውን ግን አልተወም። ሕግ መተላለፉን ለማወደስ አይደለም የምነግራችሁ። ያ መንገድ ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ አልተከፈተለትም።

ቅዳሜና እሑድ ዳንቪል ሜዳ ሄዶ ውድድር ያያል፤ ለጥቁሮች ብቻ በተከለለው መቀመጫ ላይ ሆኖ። በ1952 የሜዳው አዘጋጆች ገበያ ቀዘቀዘባቸው። ጥቁር ነጂ ብናስገባ ተመልካች ይጨምራል ብለው አሰቡ። የሚያፍሩበት እንዳይሆን ደግሞ እውነተኛ ፈጣን ሰው ፈለጉ። የት እንደሚያገኙት ሲቸገሩ የዳንቪልን ፖሊስ ጠየቁ። ፖሊሶቹ ሳያስቡ ስሙን ሰጡ፤ ስንት ዓመት አባርረው ያልደረሱበትን ሰው ስም። ስኮት ከአረቄ መኪኖቹ አንዷን ይዞ መጣ። ከተመልካቹ የሰደበው ነበር። መኪናዋም መሐል ላይ ተበላሸች። እሱ ግን የሕይወቱን ሥራ በዚያ ቀን አገኘ።

በማግስቱ ናስካር የሚያዘጋጀው ውድድር ወዳለበት ወደ ዊንስተን ሴለም መኪናዋን ጎትቶ ሄደ። ጥቁር አይነዳም አሉት። ነጭ ነጂ ቅጠርላት አሉት። መኪናዋ ትገባለች፤ እሱ አይገባም። ወደ ዳንቪል ሲመለስ መንገድ ላይ አለቀሰ።

ግን ተዉኝ ብሎ አልተቀመጠም። ናስካር ወደማያዝባቸው ትንንሽ ሜዳዎች ሄደ። የመጀመሪያ ድሉን ሊንችበርግ ላይ ሲያገኝ መወዳደር ከጀመረ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በሳምንት አምስት ጊዜ የሚወዳደርበት ወቅት ነበር። ሆን ብለው የሚገጩት ነጂዎች ነበሩ። ነጭ ነጂ ሲገፉት ይገፋል፣ ሲመቱት ይመታል፣ ከውድድር በኋላም በቡጢ ይጨርሱታል። ስኮት ይህን ቢያደርግ በሺሕ በሚቆጠር ነጭ መሐል ብቻውን ነው። ስለዚህ መልሶ አይመታም። ቀስ በቀስ ግን አንዳንዶቹ ነጂዎች ወደዱት፤ ጎማና ዕቃ የሚያውሱት፣ ከጎኑ የሚቆሙ ሆኑ። መካኒክ ደግሞ መካኒክን አይንቅም፤ ይህን ከጋራዥ ሕይወቴ በሚገባ አውቀዋለሁ።

የናስካርን ፈቃድ ያገኘበት መንገድ ብልሃቱን ያሳያል። ትልቁን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ እምቢ እንደሚሉት ያውቃል። መኪናውን ጎትቶ ሪችመንድ ሄደና ማይክ ፖስተን የሚባለውን የሜዳ ኃላፊ ጠየቀው። ሰውዬው ትልቅ ባለሥልጣን አይደለም፤ ፈቃድ የመስጠት መብት ግን አለው። ጥቁር ነጂ ኖሮን አያውቅም፣ ይገጩሃል፣ ያንገላቱሃል ሲል አስጠነቀቀው። ስኮት እችለዋለሁ አለ። ፈረመለት። መሥሪያ ቤቱ ሲሰማ ደስ አላለውም፤ ፊርማው ግን ወጥቷል።

በ1954 ራሌ ከተማ ውስጥ አንድ አዘጋጅ ለነጭ ነጂዎች ሁሉ የቤንዚን ገንዘብ ሲሰጥ ለስኮት ከለከለው። በማግስቱ ሊንችበርግ ላይ ስኮት የናስካርን መሥራች ቢል ፍራንስን በአካል አግኝቶ ነገረው። ፍራንስ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ሰጠውና የናስካር አባል ነህ፣ እንደ አባል ትታያለህ ብሎ ቃል ገባለት። ይህን ለፍራንስ እቆጥርለታለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጃክሰንቪል ላይ የሆነውንም በዚያው መዝገብ እጽፈዋለሁ።

በ1959 በታችኛው እርከን የቨርጂንያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 ከፍተኛው እርከን ገባ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ በዝርዝር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ሰው ስለ ስኮት ሲያወራ ዘረኝነቱን ያነሣል፣ ገንዘቡን ይረሳል።

ሰዎች «የመኪና ውድድር ጃኪ ሮቢንሰን» ይሉታል። አከበሩት እንጂ በትክክል አልገለጹትም። ሮቢንሰን በዘመናዊው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ በ1947 ሲገባ የፈለገው፣ የመረጠው፣ ከኋላው የቆመ ክለብ ነበረው። የኳስ መምቻ ዱላውን ክለቡ ይሰጠዋል፤ ሆድ የሚያስብሰው ግፍ ብቻ ነበር። ስኮት ግን ግፉን ችሎ ዱላውንም ራሱ መግዛት ነበረበት። በዚያ ዘመን ትልልቆቹን ነጂዎች የዲትሮይት ፋብሪካዎች ይደግፏቸዋል፤ አዲስ ሞተር፣ አዲስ ጎማ፣ በደሞዝ የሚሠራ የመካኒክ ቡድን አላቸው። ስኮት ያለው ያገለገለ መኪና፣ ሀብታሞቹ ተጠቅመው ያወጡት ጎማ፣ እና ልጆቹ ናቸው። ልጆቹ ጎማ ያወጣሉ፣ ቤንዚን ይሞላሉ። መኪናዋ ላይ በእጅ ጽሑፍ «መካኒኩ፦ እኔ» የሚል ተጽፎባት ነበር። ሌሎቹ በዚያ ቦታ የደጋፊ ድርጅት ስም ይለጥፋሉ።

አስቡት። በ1964 ከ50 በላይ ውድድር ሮጧል። ዛሬ ጆርጂያ፣ ከነገ ወዲያ ሰሜን ካሮላይና። መኪናዋን ከኋላ እየጎተተ ሌሊቱን ይነዳል። በመንገድ ላይ ያለው ሆቴል አያሳድረውም፤ ምግብ ቤቱ አያስቀምጠውም። ደርሶ ሞተሩን ያስተካክላል፤ ይወዳደራል፤ የተሰበረውን ይዞ ይመለሳል፤ ዳንቪል ደርሶ ይፈታዋል። ታክሲ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ውለን መኪና የተበላሸብን ሌሊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ይህን በዓመት ከ50 ጊዜ በላይ ማባዛት እንችላለን።

ይህ ደግሞ አነዳዱን ወሰነው። ሞተር ቢያቃጥል የሚተካለት የለም። ስለዚህ መኪናዋን እስከ ጫፍ አያስጨንቃትም፤ ጨርሳ እንድትገባ ይነዳታል፤ ከገባች የምታመጣው ገንዘብ ለሚቀጥለው ጎማ ነው። የሕይወት ዘመን ቁጥሩን ስታዩ ይህ ይነበባችኋል። በከፍተኛው እርከን 495 ውድድር ጀመረ። 147 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገባ። 20 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ገባ። በ1966 በዓመቱ ድምር ነጥብ ስድስተኛ ሆነ፤ ከ1966 እስከ 1969 አራት ዓመት በተከታታይ ከአሥሩ አልወጣም። በተበደረ ጎማ ማለት ነው። ድል፦ አንድ። መዝገቡ ላይ ያለችው ያቺ የጃክሰንቪሏ ናት።

እዚህ ላይ የራሴን ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሰው ለምን እንደያዝኩት እንድታውቁት። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ፍሪሲዮን በድምፁ አውቃለሁ። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ጋራዥ ኃላፊው ሥራዬን ሳያይ «ያ አይቆጠርም» አለኝ። ወለል አጠብኩ። ስምንት ወር። አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ያልገባቸውን ካምቢዮ አንድ ከሰዓት ገጥሜ አስነሣሁት፤ ለደንበኛው ሲነገር ግን የሌላ ሰው ስም ተጠራ። ከስኮት ጋር ራሴን ላወዳድር አይደለም፤ የእኔ በአንድ ከሰዓት ያለቀ ነገር ነው። ግን ስለ ሁለት መቶ ሁለተኛው ዙር የሰማሁ ዕለት ሆዴ ውስጥ የሆነውን አውቀዋለሁ። ሥራው ተሠርቶ፣ አንተ አውቀኸው፣ እርሳሱ ግን በሌላ ሰው እጅ ሲሆን።

ያቺ 1963 ለዳንቪልም ክፉ ዓመት ነበረች። ጁን 10 ቀን፣ ጥቁሮች ለታሰሩባቸው ሰልፈኞች ለመጸለይ እስር ቤቱ አጠገብ ሲሰበሰቡ ፖሊስና በችኮላ የተመለመሉ ሰዎች በእሳት አደጋ ውሃና በዱላ ደበደቧቸው። ከተማዋ እስከ ዛሬ «ደም የፈሰሰበት ሰኞ» ትለዋለች። ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያው በጋ መጥተው ነበር። ስኮት ሰልፍ መሪ አልነበረም፤ ንግግር አያደርግም፤ በየሳምንቱ የሚሄድባቸው ሜዳዎችም የደቡቡ ባንዲራ የሚውለበለብባቸው ነበሩ። አንዳንድ ሰው «ዝም አለ» ብሎ ይወቅሰዋል። እኔ አልወቅሰውም። ቤተሰቡን የሚመግበው ሥራ፣ አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ በሩ የሚዘጋበት ሥራ ነበር፤ እሱም በሩ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አሥራ ሁለት ዓመት አላወጣም። መቆም ማለት አንዱ ይህ ነው።

ከጃክሰንቪል በኋላ ዋንጫ ብለው የሰጡት ተራ የእንጨት ነገር ነበር። እውነተኛው አልተመለሰም። ቤተሰቡ ሲጠይቅ ኖረ።

በ1973 ስኮት 51 ዓመቱ ነው። በአሮጌ መኪና መንገታገቱ ስለበቃው ተበድሮ ሻል ያለች መኪና ገዛ። ሜይ 6 ቀን አላባማ ውስጥ ታላዴጋ በሚባለው ታላቅ ሜዳ ላይ ሊያስመርቃት ወጣ። ታላዴጋ አንዱ ዙር ከሁለት ማይል ተኩል በላይ ነው፤ መኪኖቹ ተያይዘው በአስፈሪ ፍጥነት ይበራሉ። ውድድሩ በተጀመረ በጥቂት ዙር ከፊት የአንዱ ሞተር ፈነዳ፤ ዘይት ፈሰሰ፤ ሃያ ምናምን መኪና ተጨፈላለቀ። የስኮት ዳሌ፣ የጎን አጥንቶቹ፣ እግሩ ተሰበረ። መኪናዋ አበቃላት፤ ዕዳዋ ግን አላበቃም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ አጥንቱ በቅጡ ሳይጠና፣ ሻርለት ላይ በሌላ ሰው መኪና አንድ ጊዜ ወጥቶ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። የመጨረሻው ያ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ዳንቪል ጋራዡ ውስጥ የሰው መኪና ሲጠግን ኖረ። ዲሴምበር 23 ቀን 1990 በ69 ዓመቱ አረፈ፤ የአከርካሪ ካንሰር ነበረበት። ዋንጫውን ሳያይ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፤ ክብሩ የመጣው ከሞት በኋላ ስለሆነ ብዙ መናገር አይሆንልኝም። በ2010 ጃክሰንቪል ያሉ የውድድር ወዳጆች አምሳያ ዋንጫ አሠርተው ለቤተሰቡ ሰጡ። በ2013 የቨርጂንያ ግዛት የመታሰቢያ ሰሌዳ አጸደቀለት። በ2015 የናስካር የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገባ፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። ኦገስት 28 ቀን 2021፣ ቢኖር መቶ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ናስካር በራሱ እጅ፣ በዴይቶና ሜዳ፣ በተመልካች ፊት የጃክሰንቪልን ዋንጫ ለልጆቹ አስረከበ። ከሃምሳ ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ ማለት ነው። ከዚያ አምስት ሳምንት ያህል አልፎ፣ ኦክቶበር 4 ቀን ቡባ ዋላስ የሚባል ጥቁር ወጣት በከፍተኛው እርከን አሸነፈ፤ ከስኮት ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ያሸነፈበት ሜዳ ታላዴጋ ነው፤ የስኮት አጥንት የተሰበረበት።

ባለፈው ዓመት ሰሌዳውን ለማየት ዳንቪል ሄጄ ነበር። በስሙ የተሰየመ መንገድ አለ፤ ዌንደል ስኮት ድራይቭ ይባላል። ሰፈሩ ቁልቁለት ነው፤ ልጁ በአንድ እግር የወረደው ቁልቁለት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ወጣሁ ወረድኩ። ሰሌዳው ላይ 147 እና 20 የሚሉት ቁጥሮች ተጽፈዋል። በብረት ላይ ነው፤ በእርሳስ አይደለም። ጣቴን አሳረፍኩባቸው።

በመጪው ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። መኪናዬ ሰባት ሰው ትይዛለች፤ እስካሁን ሦስት ሰዎች ነግረውኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ከዚህ ከአዳራሹ በር እንነሣለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣት ከፈለጋችሁ ሁለተኛ መኪና የሚያወጣ ሰው ስጡኝ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።